ምልክቱ ነጭ ፔጆ ነው

መኪናዋ አስቀያሚ ነበረች። ይህን የምለው ጎረቤቴን ለመንካት አይደለም፤ እውነቱ ይነገር ብዬ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ተንፍሰው ቸርኬዎቿ መሬት ነክተዋል። የኋላ መስታወቷ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ኮፈኗ ዝጎ ቀለሟ እንደ ድንች ልጣጭ ይላጣል። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ፣ ሁለት ቤት ባለው አንድ ግቢ ከዚህ ሰው ጋር እንኖር ነበር፤ እሷም በእኔ መኝታ ቤት መስኮትና በፀሐይዋ መካከል ቆማለች። ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ከሚስቴም ፊት በፊት የማየው እሷን ነው።

እኔ የቤት ፕላን ነዳፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሳሰምር ውዬ ስገባ ዓይኔ ቀጥ ያለ ነገር ይፈልጋል። የሚያገኘው ግን ወደ ግራ ያዘነበለች ነጭ ፔጆ ነው። በስዋሂሊ መኪና ጋሪ ነው የሚባለው። ይቺኛዋ ጋሪም ብትሆን ፈረስ ያስፈልጋት ነበር።

ጎረቤቴ እንደ እኔው ከደርግ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው፤ በዕድሜም ብዙ አንራራቅም። መኪናዋ የእሱ አይደለችም፣ የታላቅ ወንድሙ ናት። ሁለቱ በእሷ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ድረስ መጥተው ድንበር ተሻገሩ። ኬላውን እንዴት እንዳለፉ በሦስት ዓይነት መንገድ ነግሮኛል፤ ሦስቱም ጥሩ ታሪክ ናቸው። ከተሻገሩ በኋላ ታላቅዬው ቁልፉን ሰጠውና፣ አደራ መኪናዬን ብሎት፣ ሚስቱንና ልጁን ሊያመጣ ተመለሰ። ይኸው አራት ዓመት። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከዚህም በላይ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ወደ ሞያሌ በሚሄድ ነጋዴ ሁሉ አንድ መልእክት ይልካል፦ ወንድሜን ካገኛችሁት፣ ወይም የሚያገኘው ሰው ካገኛችሁ፣ ሳውዝ ሲ ይምጣ፤ ከመስጊዱ አለፍ ብሎ የአዲስ አበባ ታርጋ ያላት ነጭ ፔጆ የቆመችበት ግቢ ብሎ ይጠይቅ። የቤት ቁጥር አለን። የመንገዱም ስም ተጽፎ ጥግ ላይ ተተክሏል። ግን ያገራችን ሰው በቁጥር ቤት ሲያገኝ ማን አይቶ ያውቃል? እኛ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፉ ዞር ብለህ ተባብለን ነው የምንገናኘው። የራሴን እንግዶች እንኳ ስጠራ፣ አፌን እየመረረኝም ቢሆን፣ ምልክቱ ነጭ ፔጆ ነው እላቸው ነበር። ስለዚህ ያቺ ብረት መኪና መሆኗ ቀርቶ አድራሻ ሆናለች። ከተነሳች፣ ወንድምዬው ቢመጣ አያገኘውም። ይህ ሁሉ ገብቶኝም አስቀያሚ ናት ማለቴን አልተውኩም።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። እዚያ ግቢ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ሸራ ገዝቼ፣ ዝናብ እንዳይመታት ብዬ ሰጠሁት። አመሰገነኝ፣ ግን አላለበሳትም። በማግሥቱ ሸራው በወጉ ተጣጥፎ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ከተሸፈነች ማን ያያታል አለኝ። እሺ ከቤቱ ጀርባ እንግፋት አልኩ። ከመንገድ አትታይም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባልዲ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ሊያጥባት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያጥበው ግን ታርጋዋን ብቻ ነው። የፊቱን ያጥባል፣ የኋላውን ያጥባል፣ የቀረውን ውሃ ደፍቶ ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላሳለፈም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መንገደኛ የግቢያችን በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አተኩሮ ሲመለከት አየነው። ጎረቤቴ ባዶ እግሩን ሮጠ። ሲደርስ ሰውየው የማያውቀው ሰው ነው። ሌላ ጉዳይ ኖሮት ሲያልፍ የአዲስ አበባ ታርጋ ቢያይ ጊዜ ቆም ብሎ ሊያነባት ፈልጎ ነው። ጎረቤቴ ይግቡ ብሎ ሻይ ጋበዘው። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር፤ አንጀቴን በላኝ። ሆኖም ሰውየው ሲወጣ መኪናዋ እዚያው ነበረች።

ነገሩ የከረረው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ካከበረ በኋላ በመጣው ሐምሌ ነው። አከራያችን ጡረታ የወጡ ኬንያዊት አስተማሪ ናቸው፤ ማማ እንላቸዋለን። ግቢውን ሊያዩ መጥተው በፔጆዋ አጠገብ ሲያልፉ ከውስጧ አይጥ ወጥታ በእግራቸው መሀል ሾለከች። ማማ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብለው ወደ እኔ ቤት መጡና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መኪናዋ ካልወጣች ሁለታችሁም ትወጣላችሁ አሉኝ። የእኔ አይደለችም አልኳቸው። የእናንተ ናት አሉኝ። ለእሳቸው ሐበሻ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው። ያን ቤት ደግሞ ያገኘሁት ሚስቴን ይዤ ኢስትሊ በአንድ ሎጅ ጠባብ ክፍል ስምንት ወር ከተንገላታሁ በኋላ ነው።

ብረት የሚገዙ ሰዎች አፈላልጌ አነጋገርኩ። ባለቤቷ ይፍቀድ እንጂ በጠራኸን ቀን ጎትተን እንወስዳታለን አሉ። ይህን ለጎረቤቴ ነገርኩት። ወንድሜ ቢመጣስ አለኝ። ማማ ቢያስወጡንስ አልኩት። ወንድሜ ቢመጣስ አለኝ። ሦስት ቀን እንዲህ ስንነጋገር ሰነበትን።

ሐበሻ እንዲህ ሲቸግረው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው አገር ቤት ዳኛ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት አላቸው። ሦስተኛው ኢስትሊ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሞያሌ የሚመላለሱ ሐጂ ናቸው። ችግሩ ሰዓት ነው። ባለ ምግብ ቤቱ ገበያ ከመሄዳቸው በፊት ካልሆነ አይመቻቸውም፤ ሐጂ ደግሞ ሱብሂ ሰግደው ስለማይተኙ ለእሳቸው ማልዶ መነሣት ችግር የለውም። እኔ ይህን ሁሉ አመዛዝኜ ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጠርኳቸው። ሁሉንም ባንድ ሰዓት ስላስማማሁ ኮራ ብዬ ተኛሁ።

ናይሮቢ በሐምሌ ብርድ ነው። ዳኛውና ባለ ምግብ ቤቱ ጋቢ ለብሰው፣ ሐጂም ነጭ ጀለቢያቸውን አድርገው መጡ። አንባቢዬ እዚህ ላይ ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባው አይቀርም። እኔ ግን አልገባኝም ነበር። ሰው አገር መኖር አደንዝዞኝ ይሁን፣ ከመኪናዋ በቀር ሌላ ስለማይታየኝ ይሁን፣ እንጃ። ሽማግሌዎቹስ ቢሆኑ ጉዳያቸውን ስለሚያውቁ ከውጭ ምን እንደሚመስሉ አላሰቡትም። ያገራችን ሰው ጎህ ሲቀድ፣ ነጭ ለብሶ፣ ተሰብስቦ፣ ሳይጠራ የሰው በር የሚያንኳኳው መርዶ ሲኖረው ነው።

ዳኛው አንኳኩ። ጎረቤቴ በፒጃማ ብቅ አለ። ዳኛውን አየ፣ ባለ ምግብ ቤቱን አየ፣ ከዚያ ሐጂን አየ። ሐጂ ከሞያሌ የተመለሱት ሰኞ ዕለት ነበር፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዳኛው እንዴት አደርክ ሊሉ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ ጎረቤቴ "ወንድሜን!" ብሎ ደረቱን ደቃና ደፉ ላይ ወደቀ።

ሽማግሌዎቹ ሰው መርዶ ሲሰማ ምን እንደሚደረግ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩ ናቸው። ሳያስቡት በብብቱ ገብተው አነሱት፣ ራሱን እንዳይጎዳ እጁን ያዙት፣ አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው አሉት። ባለ ምግብ ቤቱ እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር። እያለቀሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ መርዶ መሆኑን ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም ብለው ወቀሱኝ። ሚስቴ ነጠላዋን አገልድማ እየጮኸች ከቤት ወጣች። ስለ መኪናዋ እንደምንሄድ ማታ ነግሬያት፣ ይቅናችሁ ብላኝ ነበር የተኛችው። ጩኸት ከተሰማ ግን ማን ቆሞ ይጠይቃል? ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐበሾችም ደረሱ። አንዱ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ለቅሶ ቤት ሆነ። ቦታ ስለጠበበ ሁለት ሴቶች ፔጆዋን ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

እኔ ቆሜ አያለሁ። ያኔ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብንልስ? እሱም አልቅሶ ይወጣለታል፣ እሷም ትወጣለች፣ እኛም ቤታችን ይተርፈናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ተረጋግቶ እንደተቀመጠ ሰው አሰብኩት።

በመጨረሻ ዳኛው እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ የሞተ ሰው የለም" አሉ። "የመጣነው ስለ መኪናዋ ነው።"

ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። ከኋላ ያሉት አልሰሙም ነበር። አንዲት ሴት ከሁሉም ዘግይታ ዝም አለች፤ እሷም ትንሽ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

ጎረቤቴ ወደ ሐጂ ዞሮ ይማሉልኝ አላቸው። ሐጂ ወላሂ ብለው ማሉ፤ ስለ ወንድምህ ክፉም ደግም አልሰማሁም አሉት። ፊቱን በፒጃማው እጅጌ ጠርጎ የሦስቱንም ጉልበት ሳመ። የእኔንም ሊስም ጎንበስ ሲል ሸሸሁ። ከዚያ ሻይ ተፈላ፣ ማንዳዚ የሚሉት የኬንያ ፓስቲ መጣ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ቁርሱን በላ። ጎረቤቴ እንደዚያን ዕለት ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሻዩ ሲያልቅ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጉዳዩ ገቡ። ስለ ጉርብትና፣ ስለ ማማ፣ ስለ አይጧ፣ በሰው አገር ቤት አጥቶ ስለመንከራተት ተናገሩ። ጎረቤቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማቸው።

"አባቴ፣ አልሞተም ካላችሁኝ፣ ሲመጣ በምን ምልክት ያገኘኛል?" አላቸው።

ዳኛው ባለ ምግብ ቤቱን አዩ፣ ባለ ምግብ ቤቱ ሐጂን አዩ፣ ከዚያ ሦስቱም እኔን አዩኝ። የላክኋቸው ሽማግሌዎች በእኔው ላይ ፈረዱ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው አሉኝ ዳኛው፤ ሴትዮዋን ሄደህ አስረዳቸው፤ ሁለተኛም በንጋት የሰው ቤት ሰው አትላክ። ባለ ምግብ ቤቱ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ሚስቴም ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

ማማን አላስረዳኋቸውም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ኩርፊያዬንም እያስታመምኩ፣ ዕቃዬን በካርቶን ማሸግ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ከዚያች ጠዋት ሳቅ በኋላ ድምፁ ጠፋ። በመጣው ቅዳሜ ባልዲውን ይዞ አልወጣም። ብርዱ አሞት ይሆናል አልኩ። ሐጂ እንደገና ወደ ሞያሌ ሲሄዱም ሰላም በሉልኝ ብቻ ብሎ እንደሸኛቸው ሰማሁ።

የወሩ መጨረሻ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም በሬን አንኳኳ። ግባ አልኩት። በካርቶኖቹ መካከል አልፎ ተቀመጠ። ሚስቴ ሻይ ላምጣ ስትለው አይ አላት።

"እናቴን ታማ ነው ትቻት የመጣሁት" አለኝ። "ሁለት እህቶችም አሉኝ። አንደኛዋ እስር ቤት ናት።"

አውቃለሁ አልኩት።

"ያን ዕለት ጠዋት፣ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኋችሁም።"

በመካከላችን ያለውን ካርቶን ወደ ጎን ገፋሁት።

"እናንተ አፋችሁን አልከፈታችሁም። እናቴን አላልኩ፣ እህቴን አላልኩ። ወንድሜን ብዬ የጮኽሁት እኔው ነኝ። ነጋሪ አላስፈለገኝም።"

ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ያህል ጊዜ ስለ እሷ ስንጨቃጨቅ ቁልፏን አይቼው አላውቅም ነበር።

"ብረት ገዢዎቹን ጥራቸው" አለ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። ተው እንጂ፣ ሰው በድንጋጤ ብዙ ይላል፣ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፣ መኪናዋ ትቆይ፣ ማማን እኔ እለምናቸዋለሁ ይባላል። ደግሞም ብለምናቸው እሺ ይሉኝ ነበር፤ ማማ ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን ሁሉ ዛሬ አሳምሬ እናገረዋለሁ። ያኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ስለነበር፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ።

"ለመቼ ይምጡ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ነገር እንድለው ይጠብቅ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

"ነገ" አለ።

በማግሥቱ መጡ። እሱ ከቤቱ አልወጣም። የግቢውን በር የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።