በሰማይ የሁለት ሰዓት መንገድ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር የምትኖረው የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች «ባቡ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በፕሌን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» አለችኝ። የዚህ አገር ልጅ ናትና አያቷን የምትጠራው በስዋሂሊ ነው። ከአንድ ቅዳሴ ያነሰ ጊዜ መሆኑ ነው። እኔ ግን ያንኑ መንገድ በደርግ ዘመን በእግሬ ነው የመጣሁት።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ዲያቆን ነበርሁ። ከሞያሌ ወዲህ ባለው በረሃ፣ አብሮን የተሰደደ ይልማ የሚባል ጎረምሳ በውኃ ጥም ሞተብን። እናቱ ሲሰናበቱት ባለበሱት ነጠላ ገንዘን ከአንዲት ግራር ሥር ቀበርነው። ቄስ አልነበረንምና ፍትሐት አልተደረሰለትም፤ ዲያቆን ብቻውን ነፍስ መፍታት አይችልም። እኔ ዳዊት ደገምሁለትና መንገዳችንን ቀጠልን።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ እናቱ ወይዘሮ አስካለ ለሕክምና ተብሎ ፈቃድ አገኙና በአውሮፕላን መጡ። የልጃቸውን ሞት አልሰሙም ነበር። ናይሮቢ በዚያ ወቅት ብርድ ናት፤ ሰማዩ ዳምኖ ይውላል፣ ካፊያውም ልብስ ያርሳል። ኤምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለን፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ወደ ነበረው ወደ ጋሽ ተሰማ ቤት ወሰድናቸው። መርዶ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ እንጂ ለደከመ መንገደኛ አይነገርምና፣ እስኪነጋ ድረስ ይልማ ለሥራ ሞምባሳ ሄዷል ልንላቸው ተማክረን ነበር።

ሽሮና የዚህ አገር ሰው ሱኩማ የሚለው ጎመን ቀረበ። እሳቸው ግን አልቆረሱም። ጋሽ ተሰማ እንዲበሉ ሊያግባባቸው፣ «እማማ፣ ሰማይ ላይም ኬላ አለ እንዴ? ፈተሹዎት?» ብሎ ቀለደ።

«ኬላስ የለም» አሉ በዝግታ። «ልጄን ግን አየሁት።»

ጋሽ ተሰማ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ። እሳቸው ቀጠሉ፦

«በመስኮቱ ቁልቁል ስመለከት ምድሩ ቀይ ነው፤ ከዚያ ከፍታ ከብት እንኳ አይለይም። ይልማ ግን ነጠላዬን ለብሶ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ዲያቆን፣ ሰው ከሞተ በኋላ ለምን ይቀመጣል?»

ስለ ግራሩ ይልማን ከቀበርነው ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መርዶው ማለዳን ሳይጠብቅ መነገሩ ግድ ሆነና፣ ፍትሐት እንዳልደረሰው ጨምሬ ሁሉንም ነገርኋቸው። አላለቀሱም። ቄስ እንድንፈልግላቸው ብቻ ጠየቁ።

በማግስቱ ከስደተኞቹ መካከል አንድ አረጋዊ ካህን አግኝተን ጸሎቱ ተደረሰ፤ ለቅሶውም ያን ጊዜ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ ወደ አገር ሲመለሱ እንደገና መስኮት አጠገብ እንዲያስቀምጧቸው ለመኑ። ከወራት በኋላ አንድ መንገደኛ የላኩትን ቃል አደረሰኝ፦ «ለዲያቆኑ ንገርልኝ፤ ልጄ ጋደም ብሏል።»

ከዚያ ወዲህ ቅስና ተቀብዬ ያን ሰማይ ብዙ ጊዜ ተሻግሬአለሁ። ልጆቼ አክብረውኝ የመስኮቱን ወንበር ይለቁልኛል፤ እኔ ግን አልቀመጥበትም። በዚያ በረሃ የቀረው ይልማ ብቻ አልነበረም። አውሮፕላኑ ከበረሃው በላይ መድረሱን ስገምት ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው ሁሉ የፍትሐቱን ጸሎት በለሆሳስ አደርሳለሁ። ቁልቁል አላይም፤ ስንቱ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ እንደሚያየኝ አላውቅምና።