አመድ የሚደፋው ከጓሮ ነው

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከቤቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ደልዳላ ቦታ አለ። ሰው ሁሉ እግዜር የደለደለው ይለው ነበር። የሰው እጅ እንደደለደለው መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢያውቀው ኖሮ እናገርለት ነበር።

የአስኳላ ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ እንግሊዝኛውንም በመዝገበ ቃላት። አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን በግ ሸጬ ስመለስ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ገዛሁ። ማያ ስለሚባሉ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ስለነበሩ የጥንት ሰዎች የሚናገር ነው። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፤ ጨረስኩት። ልቤን የወሰደው ትልልቁ ሕንጻቸው ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ገበሬዎች መንደር ነው። መሬቱን ይደለድላሉ፣ መደብ ያነሳሉ፣ ከዚያ በአንድ ግቢ ዙሪያ ሦስት አራት ቤት ይሠራሉ። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ደልዳላው ወጣሁ። ሳሩ ውስጥ አራት ክብ የድንጋይ መሠረቶች ነበሩ፤ መሐላቸው ባዶ። በገመድ ለካሁ፤ በደብተሬም ሳልኩ። ሥዕሉ ዛሬም ያምራል።

ባለፈው በጋ ቀበሌው የውሃ ታንከር ሊተክል ያንኑ ቦታ መረጠ። ውሃው ደጃፋችን ሊደርስ ስለሆነ ባለቤቴ እልል አለች። እኔ ግን ማያዎቹንም ጠቅሼ፣ የጥንት መንደር ይፈርሳል ብዬ ለወረዳው ጻፍኩ። ደብዳቤዬ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ስለነበር ቁፋሮው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አንዲት ወጣት የቅርስ ባለሙያ መጣች።

ድንጋዮቹን ዞራ አየች። «አባባ፣ የበግ ጉረኖ ቢሆንስ? ሰው የኖረበት ለመሆኑ ዛሬ አንድ ምልክት ካላገኘሁ ሥራውን ማስቆም አልችልም።»

«ልጄ» አልኳት፣ «በእኛ አገር አመድ በደጃፍ አይደፋም፤ በጓሮ ነው። ጉረኖ ደግሞ አመድ የለውም።»

የእኛ ቤት በር ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ስለዚህ ከትልቁ ክብ በስተምዕራብ፣ ጓሮ ነው ባልኩት በኩል፣ በእሷ ፈቃድ ቆፈርን። እስከ ጉልበት ወረድን፤ ቀይ አፈር። ትንሽ ፈቀቅ ብለን ደገምን፤ ቀይ አፈር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «ጋሼ፣ አመዱ ውቅያኖሱን መሻገር አቃተው እንዴ?»

«እሱ ዕድሜ ልኩን አመድ ደፍቶ ያውቃልና!» አለች ቁፋሮውን ልታይ የወጣችው ባለቤቴ።

ባለሙያዋ መሣሪያዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ሰው መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይደርስብኝም። ያን ቀን ግን ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ የት ትደፊው ነበር?»

ክቡ ውስጥ ገብታ ቆመች። በስተምሥራቅ ገደሉ ነው፣ ከታች ቆላው ይታያል። «አንተ ሰውዬ፣ በሩን ወደዚህ አወጣኸው? ሕፃን ያላት ሴት በሯን ወደ ገደል ታወጣለች? የእኔ በር ወደ ግቢው፣ ወደ ጎረቤቶቼ ነው። አመዴን በዚህ በገደሉ በኩል ነው የምደፋው።»

መጽሐፌ ያለው ይኸው ነበር፤ በሮቹ ወደ መሐሉ ግቢ ያያሉ። ሁለት ክረምት ያነበብኩትን የራሴ ቤት በር አስረሳኝ።

በገደሉ በኩል ቆፈርን። ክንድ ሳንወርድ አፈሩ ገረጣ። ከዚያ አመድ፣ የተሰበረ አጥንት፣ ጥላሸት የያዘ የሸክላ ስባሪ። በቀሩት በሦስቱም ክቦች ጀርባ፣ ከግቢው ውጪ በኩል፣ እንደዚያው ሆነ። ባለሙያዋ ደብተሬን ተቀብላ ሥዕሌን ገልብጣ ወሰደች። በሮቹን ብቻ አስተካከለች።

ደልዳላው ተረፈ፤ ታንከሩ ከነመቅጃ ቧንቧው ከእሱ በላይ ድንጋያማው ጉብታ ላይ ተተከለ። ከእኛ ቤት ዳገቱ ረጅም ነው።

«አመዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ ውሃው በተከፈተ ቀን፣ «ውሃውን የምትቀዳው አንተ ነህ።» ፍርዱ ትክክል ስለነበር ይግባኝ አላልኩም።

በየማለዳው ጄሪካኔን ይዤ በአራቱ ቤቶች መሐል አልፋለሁ። የሰው ግቢ ዝም ተብሎ አይታለፍምና «ቤቶች!» እላለሁ። ከዚያ የሚመልስልኝ የለም። ከታች ግን የባለቤቴ ድምፅ ይመጣል፦

«ሰላምታውን ተወውና ውሃውን!»