አመድ የሌለው ቤተ መንግሥት

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን ይህን ወሬ ጊዜ ሰጥታችሁ ብታነቡት አትቆጩም፤ እኔን ግን ወንድም አሳጥቶኛል።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጉርድ ሾላ ስንኖር፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ኩራዛቸውን አንጠልጥለው ይመጡ ነበር። ሩሲያ የተማሩ የመሬት ቀያሽ ናቸው። እኛ የጅብና የቀበሮ ተረት ስንጠብቅ፣ እሳቸው በሳይቤሪያ ዳርቻ፣ ሐይቅ መሀል ባለች ደሴት ላይ ስለቀረ የኡይጉሮች ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያወሩልን ነበር። ኡይጉር ማለት፣ ኋላ ራሴ አንብቤ እንደደረስኩበት፣ ቋንቋው ከቱርክ ጋር የሚዛመድ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ሰፊ ግዛት የነበረው ሕዝብ ነው።

«ግንቡ አለ፣ በሩ አለ፣ የጣሪያው ሸክላ አለ» ይሉና የምድጃውን ፍም በእንጨት ገለጥ ያደርጋሉ። «አመድ ግን የለም። አመድ ከሌለ ሰው አልኖረበትም። ካለ ደግሞ፣ አገር ሁሉ አልኖረበትም ብሎ ቢምል፣ ኖሮበታል።»

«ባዶ ከሆነማ ጋሼ፣ ለእኔ ይስጡኝ» ይላቸው ነበር ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል፤ ጢሱ እስኪያንቀን እንስቃለን። ወጣት ለጦርነት የሚታፈስበት ዘመን ስለነበር፣ ዳንኤል ቀን ቀን ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት አይወጣም። ማንም ቢጠይቀኝ አዋሳ አክስታችን ጋ ነው እንድል እናቴ አስጠንቅቃኛለች።

አንድ የክረምት ጠዋት ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። ዳንኤል በሩ ሲንኳኳ ሰምቶ ኮርኒስ ላይ ወጥቷል። እናቴ ሰርቪሷን ከፍታ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሰው እንዳልገባባት ነገረቻቸው። አዩ፤ አልጋ የለም፣ ልብስ የለም። አንደኛው «ባዶ ነው፣ እንሂድ» አለ።

ስለ አዋሳ ተነግሮኛል፤ ስለ አመድ ግን ማንም አልነገረኝም። ጥበቃው ሲሳሳት ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ባዶ አይደለም» አልኩት። «ምድጃው አመድ አለው። አመድ ያለበት ቤት ሰው ኖሮበታል።»

ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከተተበት። ትኩስ ነበር። «ጎበዝ ተማሪ ነሽ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

እናቴን እንዳይነኩበት ዳንኤል ራሱ ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ «ጋሽ ታደሰ ይኮሩብሻል» አለኝ። አልተመለሰም።

ጋሽ ታደሰ ከዚያ በኋላም ይመጡ ነበር፤ ኩራዙን አስቀምጠው፣ ፍሙን ሳይነኩ ይቀመጣሉ። ማስረዳት መውደዴ ግን አለቀቀኝም፤ ይኸው እናንተንም እያስረዳሁ ነው። እናንተ ዛሬውኑ ሞክሩት፦ የምታውቁት ነገር ምላሳችሁ ጫፍ ሲደርስ፣ አንድ ቀን እንኳ ዋጡት።