ሐኪም ያዘዘልኝን ብቻ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ብርዱ ሲገባ ነው። ዛሬም «ሐኪም» የሚለውን ቃል ስሰማ «የትኛው ሐኪም?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እናቴ ከደሴ መጥታ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ስኮትዴል በምትባል ከተማ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ያማታል። የክሊኒኩ ዶክተር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ኪኒን ያዝላታል፣ እንወጣለን። «ይሄ ሰውዬ የሚያክመው ኮምፒውተሩን ነው» ትለኛለች።

አንድ ቀን መስጊድ የተዋወቀቻት ፓኪስታናዊት ወደ አንድ የአገሯ ሽማግሌ ወሰደቻት። ሽማግሌው የሚያክሙት ዩናኒ በሚባለው የባህል ሕክምና ነው፤ ከጥንት ግሪኮች ወደ ዓረቦች፣ ከዚያም ወደ ህንድ የተሻገረ ነው ይላሉ። እናቴ ጂዳ ስትሠራ የለመደችው ዓረብኛ አግባባቸው። የእጇን የደም ሥር ይዘው ብዙ ቆዩ፤ እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ሐዘኗን ሳይቀር ጠየቋት። በማር የተለወሰ መድኃኒትም ሰጧት። የአገራቸው ሰዎች የሚጠሯቸው «ሐኪም ሳሂብ» እያሉ ነው፤ ጌታው ሐኪም እንደ ማለት ነው። እናቴም ስታነጋግራቸው «ሐኪም» ትላቸዋለች።

ለእኔ የነገረችኝ «ማር ሰጡኝ» ብላ ብቻ ነበር።

ጉልበቷ ተሻላት። እየቆየ ግን ሆዷን ይቆርጣት፣ ያስመልሳት ጀመር። እኔ ሮዝዌል ከተማ ሥራ ላይ ሳለሁ ወድቃ በአምቡላንስ ተወሰደች። ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበላት።

«ሐኪም ካዘዘልዎ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ወላሂ የለም። ሐኪም ያዘዘልኝን ብቻ ነው።»

አልዋሸችም። እነሱም ያንኑ ጽፈው አለፉ።

ሕመሟን ሲፈልጉ ሰነበቱ። በመጨረሻ ደሟ ውስጥ እርሳስ፣ ያ መርዘኛ ብረት፣ ተገኘ። «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት፣ እርሳስ ከየት አመጣለሁ?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ማር ያለችውን ብልቃጥ ከቤት አምጥቼ ሰጠኋቸው። እርሳሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ኩላሊቷ ግን አንዴ ተጎድቷል።

ሽማግሌው ጋ ሄጄ ጮህኩባቸው። እንባቸው መጣ። «ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ፤ እኔም እወስደዋለሁ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ዶክተሯ አያውቅም ነበር?» አሉኝ።

የክሊኒኩ ዶክተር በበኩሉ «ለምን አልነገረችኝም?» አለኝ።

«መቼ ጠየቅካት?» አልኩት። የሚቀጥለውን አፖይንትመንት ነገረኝ።

አሁን ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ለሁለቱም ሰዎች ይቅርታ የሚሆን ቦታ ልቤ ውስጥ የለም። እሷ ግን ሽማግሌውን አልጠላችም። «እሳቸውስ እንደ ሰው አይተውኛል» ትላለች። ዒድ ሲመጣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። አላደረስኩም፤ አላደርስምም።