የጠዋቱ ግፊት

ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ማግኘት ስለለመድኩ ይሁን አላውቅም፣ የደም ግፊቴ ነገር ያመጣብኝ ግራ መጋባት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

የጀመረው ቤቴል፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የሄድኩት ለጉንፋን ነበር። አየር ጤና ታክሲ ለመያዝ ተጋፍቼ፣ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቄ፣ ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ ነርሷ ክንዴን አሰረችው። የላይኛው መቶ ስልሳ አራት ሆነ። ሐኪሟ በዕድሜ ከልጄ አትበልጥም። ጥቂት አሳርፋኝ ራሷ ስትለካኝ መቶ አርባ ስድስት ወጣ።

"የቱን ልያዝ?" አልኳት።

"ለጊዜው አንዱንም አይያዙ። መለኪያ ይግዙና ለአንድ ሳምንት ቤትዎ ጠዋትና ማታ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፤ እየለኩ አያውሩ። ጽፈው ያምጡልኝ።"

ጦር ኃይሎች ካለ ፋርማሲ መለኪያ ገዝቼ ቀራንዮ፣ ቤቴ ገባሁ። የዚያን ዕለት ማታ መቶ ሃያ ስምንት አለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት መቶ አርባ ዘጠኝ። ጠዋትና ማታ ብቻ የተባልኩትን ትቼ ባገኘሁት ሰዓት ሁሉ እለካ ጀመር። ፈተና አርሜ ስነሳ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ስነቃ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ያው ክንድ፣ ያው ሰው።

"ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል" አልኩ።

ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ነበር። "በእኔ ሞክረዋ" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

መቶ አሥራ ስምንት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከእኔ ቀጥሎ እሷን መለካት ልማድ ሆነ። ቀጭን ናት፤ ሐኪም ቤት የምትሄደው ሰው ለመጠየቅ ነው። የእሷ ልኬት ሁልጊዜ ደህና ስለነበር መሣሪያው ትክክል መሆኑን የማረጋግጠው በእሷ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የእኔ መቶ ሃምሳ አንድ ሲል ተናደድኩና መለኪያውን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ። ከእኔ ቀድማ ነው የምትነሳው። ግንባሯን ፍሪጁ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እጇ ማጅራቷን ይዛ ቆማለች። ስታየኝ ቀና አለች።

"ቁጭ በይ፣ ልለካሽ።"

"አሁን? ቁርሱ ይረፍዳል።"

አስቀመጥኳት። መቶ ሰባ አንድ። ትንሽ ቆየሁና ደገምኩ፤ መቶ ሰባ ሦስት። ክንድ ቀየርኩ፤ ያው ነው።

"ተበላሽቷል ስትል አልነበር?" አለች።

"ራስሽን ያምሻል እንዴ?"

"ጠዋት ብቻ። ሲረፋፍድ ይተወኛል። ትራሱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

አሰበች። "እኔ እንጃ። ልጆቹ ሃይስኩል እያሉ መሰለኝ።"

ልጆቹ ሥራ ከያዙ ቆይተዋል። የዚያን ዕለት ማታ መቶ ሃያ አንድ ሆና አደረች፤ በማግስቱ ጠዋት እንደገና መቶ ስልሳ ዘጠኝ። ጠዋት ለማን እንደምደነግጥ፣ ማታ በምን እንደምጽናና ጠፋኝ።

በሳምንቱ የእሷንም ልኬት ጽፌ ሁለታችንም ቤቴል ሄድን። ሐኪሟ የእኔን ወረቀት አየት አድርጋ የእሷን ላይ ቆየች። ግፊት ስንተኛ እንደሚወርድ፣ ልንነቃ ስንል እንደሚነሳ፣ በሥራም በንዴትም በዕረፍትም ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ እንደሚል ነገረችን። የሁሉም ሰው እንዲህ ነው፤ የባለቤቴ ግን ጠዋት ላይ ከመጠን በላይ ይወጣል።

"ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?" አልኳት።

"ሁሉም እውነት ናቸው" አለች፤ ትዕግሥቷ አላለቀም።

ለእኔ ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ ተባለ። ለእሷ የልብና የኩላሊት ምርመራ ታዘዘ፤ መድኃኒትም ጀመረች። ኩላሊቷ ደህና ነው። የልቧ ጡንቻ ከግፊቱ የተነሳ ጥቂት መወፈሩን ሐኪሟ ስትነግረን ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ "ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?" አለችኝ። ሐኪሟ መለሰችላት፤ ጥሩ አይደለም፣ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሊሻሻል ይችላል አለቻት።

አሁን ጠዋት ራሷን አያማትም። መቶ ሠላሳዎቹ ውስጥ ናት፤ አንዳንድ ቀን እኔ እበልጣታለሁ። እኔ የማልረዳው ሌላ ነገር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከጎኔ እያመማት እየተነሳች፣ ቁርስ አቅርባልኝ፣ በልቼ "ደህና ዋይ" ብዬ ወጥቻለሁ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "አልጠየቅከኝም" አላለችም። "ሁሉም ሰው ጠዋት ራሱን የሚያመው ይመስለኝ ነበር" ነው ያለችኝ።