መቶ አርባ ሦስተኛዋ ድንጋይ

አክስቴ በማዕድን ማውጫው መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። ሰፈሩ ግን «ባለ ድንጋይዋ» ነበር የሚላት። ታሪኳን ከራሷ አፍ አሥር ጊዜ፣ ከጎረቤቶቿ አፍ ደግሞ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የጎረቤቶቿ ይጣፍጣል፤ የሷ ወደ እውነት ስለሚጠጋ በሷው ልጻፈው።

በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መስታወት በር ያላቸው አራት ቁም ሣጥኖች፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለ የአክስቴ ሽርጥ። ቁም ሣጥኖቹ ውስጥ ከጉድጓዱ በየዘመኑ የወጡ መቶ አርባ ሦስት ናሙናዎች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ መዳብ ያለባቸው ናቸው። ሌላዋ ብትሆን «ድንጋይ ልወለውል ነው እንዴ የተቀጠርኩት?» ብላ ታማርር ነበር። አክስቴ ግን ቢሮውን ሁሉ እየተጣደፈች ጠርጋ፣ ትንፋሿ የሚመለሰው እዚያች ክፍል ስትገባ ነበር።

ከድንጋዮቹ ጋር ያስተዋወቋት ጂኦሎጂስቱ ናቸው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ኪሳቸው በጠጠር ብዛት የተቀደደ፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ያስረዳሉ፣ እሷ የሰማችውን ሁሉ ወደ ሐሜት ትለውጣለች።

«ይቺ ማላካይት ናት» ይሏታል፣ እንደተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት የሆነችውን አረንጓዴ ድንጋይ አንስተው። «መዳብ፣ ካርቦን፣ ኦክስጅንና ትንሽ ውሃ አለባት። ይቺ ጥቁር ሰማያዊዋ አዙራይትም ከዚያው ነው የተሠራችው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል።»

«እህትማማቾች ናቸው ይበሉኛ፣ ጋሼ! አንዷ አባቷን መስላ ነው። ይሄ ወርቁስ?»

«ወርቅ አይደለም። ካልኮፓይራይት ነው። መዳብ፣ ብረትና ድኝ።»

«ውይ! በሠርጉ ቀን ወርቅ መስሎ ገብቶ፣ ሲያድር ድኝ ድኝ የሚሸት አማች!»

ቦርናይትን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ታማት ነበር። እሷም ከመዳብ፣ ከብረትና ከድኝ ነው የተሠራችው፤ መዳቡ ግን ይበዛባታል። አዲስ ስትሰበር ቡናማ ናት። አየር ሲያገኛት ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ እየሆነች ታብረቀርቃለች። «ቤቷ ውስጥ እንደኔው ናት» ትላለች አክስቴ፣ «ደጅ ስትወጣ ነው የምትኳኳለው።»

የጂኦሎጂስቱ የዓይን ብሌን ግን ሦስተኛው ቁም ሣጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ካልካንታይት ትባላለች። የዶሮ እንቁላል ታክላለች፤ ሰማያዊነቷ ውስጧ ድረስ ያሳያል። ሥራ በጀመሩበት ዓመት፣ ዛሬ በሕይወት ከሌለ ጓደኛቸው ጋር ሆነው፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት አሮጌ ዋሻ ግድግዳ ላይ ያነሷት ናት።

«መዳብና ድኝ ከኦክስጅን ጋር፣ የቀረው ውሃ ነው» አሏት አንድ ቀን። «ከሲሶዋ በላይ ውሃ ናት።»

አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች። ድንጋይ ውስጥ ውሃ! ሽማግሌው ጃጁ ብላ መወልወሏን ቀጠለች። ከድንጋይዋ ሥር ማስጠንቀቂያ ጽፈው ነበር፤ ዳሩ ግን የሳቸውን ጽሑፍ እንኳን አክስቴ፣ ፋርማሲስትም አያነበውም።

አንድ ዓመት አዲስ አስተዳዳሪ መጣ። ጫማው ከመስታወቱ በላይ የሚያበራ ወጣት ነው። ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አየና «በወሩ መጨረሻ ቆጠራ አለ» አላት። «አቧራ እንዳላይ። አንድ ድንጋይ ብትጎድል አንቺም ትጎድያለሽ።»

ጂኦሎጂስቱ እረፍት ላይ ነበሩ። አክስቴ ከዚያች ክፍል መባረርን አልፈለገችም፤ ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ መወልወሉን ትታ ማጠብ ጀመረች። ማላካይት ውሃ ሲነካት እንደ አዲስ ቅጠል በራች። ይሄኔ ልቧ ሞላ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰማያዊዋን ድንጋይ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋት ምሳዋን ልትበላ ወጣች። ያን ቀን ከመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ጋር የተያዘው ወሬ ረዘም ያለ ነበር አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለሰው ብቻ አይደለም።

ስትመለስ ሳፋው ውስጥ ሰማይ የመሰለ ውሃ፣ ከሥሩ ባቄላ የምታህል ቅንጣት።

ባቄላዋን ፈጥና አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለች። ሳፋውን ልትደፋ ወደ መታጠቢያው ወሰደችው፤ ግን እጇ እምቢ አለ። «ያለችው እዚያ ውስጥ አይደል?» ትል ነበር ስታወራን። «የፈሰሰ አይታፈስም። ያልፈሰሰውን ደግሞ ለምን ላፍስሰው?» ሳፋውን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ በነጠላ ጨርቅ ሸፈነችው።

ቀጥሎ ያደረገችውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ሰማያዊ የልብስ ሳሙና ገዝታ፣ በቢላ እንቁላል አስመስላ ቀርጻ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

የቆጠራው ቀን ጂኦሎጂስቱም ከእረፍት ተመልሰው ከአስተዳዳሪው ጋር መጡ። አስተዳዳሪው በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ ቆጠረ። «መቶ አርባ አንድ፣ መቶ አርባ ሁለት፣ መቶ አርባ ሦስት። ልክ ነው!» ሳሙናውን እያየ «ይቺ ደግሞ እንዴት ታምራለች!» ብሎ ፈረመና ሄደ።

ጂኦሎጂስቱ አልሄዱም። ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«አንቺ፣ ይሄ ድንጋይ አረፋ ያወጣል?»

አክስቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳፋውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ፣ ባቄላዋን ከኪሷ አውጥታ ፊታቸው አኖረች። «ጋሼ፣ ያባርሩኝ። ጓደኛዎን ለሁለተኛ ጊዜ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሳፋውን ወደ ብርሃኑ ሳብ አደረጉት። በኋላ የጠየቋት ጥያቄ ያላሰበችው ነበር፤ «ከዚህ ውስጥ የደፋሽው አለ?»

«ጠብታም!»

«እንኳንም ሳፋው ፕላስቲክ ሆነ። የብረት ቢሆን ኖሮ መዳቡ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቀርብን ነበር።» ተቀመጡ፤ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ከጎኗ። «በይ ስሚ። ውሃ ነው የሠራት፣ ውሃ ነው የወሰዳት። ባቄላዋን አሁን እንዳትከቻት፣ እሷም ትሟሟለች። መጀመሪያ ውሃው በመስኮቱ ፀሐይ ይጉደል። የሳፋው ዳር ሰማያዊ ቅንጣት ሲይዝ፣ ያኔ በክር አንጠልጥያት። እጅሽን ደግሞ ታጠቢ፤ መርዝ ነው። ሳፋውም ማድ ቤት እንዳይገባ!»

«አልባረርም ማለት ነው?»

«ማን ሊጠብቃት ነው ታዲያ?»

ሳምንታት ሄዱ። አክስቴ ጠዋት ስትገባ ሰላምታዋ መጀመሪያ ለሳፋው ነበር። ባቄላዋ ክሯ ላይ ተንጠልጥላ ወፈረች፤ ጠርዝ አወጣች፤ ፊቷ እንደ መስታወት ለሰለሰ። በሚቀጥለው ቆጠራ መቶ አርባ ሦስተኛዋ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጂኦሎጂስቱ ካርዷን ቀይረው፣ ያገኙበትን ዋሻና የጓደኛቸውን ስም ጻፉ፤ ከሥሩም «ሁለተኛ ያሳደገቻት» ብለው የአክስቴን ስም አከሉበት። ይህቺን ጽሑፋቸውን ሁሉም ሰው ማንበብ ችሏል።

ጉድጓዱ ሲዘጋ ከአንድ ትምህርት ቤት ሳጥን ይዘው መጡ። ጂኦሎጂስቱ በዚያን ጊዜ አልነበሩም፤ አፈር ገብተዋል። ሰዎቹ መቶ አርባ ሁለቱን ጠቀለሉና ሰማያዊዋ ጋ ሲደርሱ ካርዱን አነበቡ። «ይቺ በሰው እጅ ያደገች ናት፤ ለኛ አትሆንም» ብለው ተዉአት። አክስቴ ፊቷን አጨፍግጋ ድንጋይዋን ተቀበለቻቸው። «እኔ ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ያየኋት ስትስቅ ነው» አለች ጸሐፊዋ፤ «መንገዱን ሙሉ፣ ሽርጧ ውስጥ እንቁላል እንደ ደበቀች ዶሮ።»

ዛሬ ድንጋይዋ አክስቴ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ብልቃጥ ውስጥ ናት። ያም ሆኖ ደረቅ አየር ውሃዋን በጥቂት በጥቂቱ እየወሰደባት ዳርዳሯ ነጣ ብሏል። የአክስቴም ዓይን ደክሟል። በሄድኩ ቁጥር ብልቃጡን ብርሃን ላይ አስይዛኝ ትጠይቀኛለች።

«አሁንም ሰማያዊ ናት?»

መሃሏን አያለሁ። «ናት፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ቆጠራው ልክ ነው» ትልና ክዳኑን በእጇ ዳብሳ ታጠብቀዋለች።