ሥዕል ለማስታረቅ የመጡት ሽማግሌ

አሶሳ ውስጥ አይሲቲ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ግጭት በኮምፒውተር የሥዕል ታሪክ እየሠሩ ውጭ አገር ካለ ትምህርት ቤት ጋር ይለዋወጣሉ። የእኛዎቹ ታሪክ በማንጎ ዛፍ የተጣሉ ጎረቤታሞች በሽማግሌ ሲታረቁ ያልቃል። የእነሱ ደግሞ በብስክሌት የተጣሉ ሁለት ጓደኛሞች ተኳርፈው ሲለያዩ አበቃ።

«ቲቸር፣ የሚታረቁበት ገጽ አልመጣም። ኔትወርኩ ቆርጦታል» አለችኝ ተማሪዬ ሃዋ። ታሪኩ እዚያው ነው የሚያልቀው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ!

በቪዲዮ የምንገናኝ ቀን አያቷን ይዛ መጣች። በሠፈሩ ያላስታረቁት ሰው የሌለ ሼህ ናቸው። በትራቸውን ይዘው ካሜራው ፊት ተደላድለው ተቀመጡና «የተጣላው ልጆች ይምጣ» አሉ።

«ሼሃችን፣ ሥዕል እኮ ናቸው!»

«ሥዕል ብቻውን አይጣላም። ተርጉም!»

ላብ እያጠመቀኝ ተረጎምኩ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ በሚታየው ክፍል ወዲያና ወዲህ ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሴት ልጆች ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ተነሡና ወደ ካሜራው መጡ። መምህራቸው አፏን ከፍታ ቀረች፤ እኔም እንደዚያው።

ሼሁን ግን ምንም አልገረማቸውም።

«በል ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ብስክሌቱ የማን ነው?»